ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ከተራራው እናውርዳቸው?

ጭላዳን ለማየት የግድ ሰሜን ተራሮች መውጣት የለብንም። ዙሪክ፣ ሽቱትጋርት ወይም ኒውዮርክ የሚኖር ሰው ትኬት ቆርጦ በከተማው የእንስሳት ማቆያ ያየዋል። ቀይ ቀበሮን፣ ዋልያንና የደጋ አጋዘንን የያዘ ማቆያ ግን በዓለም ላይ የለም። ሦስቱም የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው፤ ከተራራቸው ከጠፉ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ዘር የለም። ስለዚህም አንድ ጥያቄ ለዓመታት ሲነሳና ሲወድቅ ኖሯል፦ ጥቂቶቹን ይዞ በማቆያ ማርባትና ለክፉ ቀን ማኖር ይገባል ወይ?

ይገባል የሚሉት ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት የዐረብ ሳላን ነው። በዱር የቀረው የመጨረሻው ሳላ በ1972 እ.ኤ.አ. ኦማን ውስጥ ተገደለ። (ሌሎቹ ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ዝርያው ከምድር ያልጠፋው፣ ከዚያ ዐሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የተያዙ ጥቂት ሳላዎች ከባሕረ ሰላጤው ገዢዎችና ከለንደን ማቆያ ከተገኙት ጋር ተደምረው አሜሪካ፣ ፊኒክስ ከተማ እንዲራቡ በመደረጉ ነው። ልጆቻቸው በ1982 ወደ ኦማን በረሃ ተለቀቁ። በ2011 ደግሞ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሳላውን ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር አውጥቶ ሥጋቱ ቀለል ወዳለው ምድብ አሻገረው።

የሐሳቡ ተቃዋሚዎችም የሚጠሩት ያንኑ ሳላ ነው። በ1996 የኦማኑ መንጋ 450 ደርሶ ነበር። ከዚያ ሕገወጥ አዳኞች ተመለሱ፤ ዋና ፍላጎታቸውም ሥጋው ሳይሆን በሕይወት ተይዛ ለግል ሰብሳቢዎች የምትሸጥ እንስት ነበረች። በ2007 የቀሩት 65 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ መንግሥትም የጥበቃ ክልሉን በ90 በመቶ አጠበበው። ዩኔስኮ በዚያው ዓመት ቦታውን ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሰረዘው፤ አንድ ቅርስ ሲሰረዝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ማቆያው ሳላውን አተረፈ፣ በረሃውን ግን ሰላም ሊያደርግለት አልቻለም።

ወደ ቀይ ቀበሮ ስንመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን እየገደለው ነው የሚለው ነው። በሕይወት ያሉት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ሌሎቹ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎና በአርሲ ደጋዎች ተበታትነዋል። እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ እየገፋ መኖሪያቸውን አጥብቦታል። በአጭር ጊዜ የሚጨርሳቸው ግን ከመንደርና ከእረኞች ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታም እንዲሁ። የእብድ ውሻ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 እና በ2004 የባሌ መንጋዎችን ክፉኛ መትቷቸዋል።

ለዚህ መድኃኒቱ ክትባት ነው። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ለዓመታት የአካባቢውን ውሾች ሲከትብ ቆይቶ፣ ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው ክትባቱን በሥጋ ውስጥ ደብቆ ማቅረብ ጀምሯል። በሌላ በኩል ለማርባት ሲባል ከትንሽ መንጋ ጥንድ ጥንድ እያነሱ መውሰድ መንጋውን ያሳሳዋል። በጥቂት ወላጆች የሚጀመር ርቢም ዘመድ ከዘመድ እያዋለደ ዘሩን ያደክማል። ቀበሮው በሰው እጅ ይሰነብታል ወይ የሚለው ራሱ ለረጅም ጊዜ የተፈተነ ነገር አልነበረም። በ2020 ሰሜን ተራሮች ላይ በጥይት እግሩ ተሰብሮ የተገኘ ወንድ ቀበሮ እዚያው በተሠራለት መጠለያ ታክሞ ተለቀቀ፤ ስሙም ተረፈ ተባለ። ይህ ለሕክምና ተስፋ ይሰጣል። በሰው እጅ ይዋለዳል ወይ የሚለውን ግን አይመልስም።

የዋልያ ነገር ይለያል። መኖሪያው አንድ ቦታ፣ የሰሜን ተራሮች ብቻ ነው፤ ብዛቱም ከጥቂት መቶዎች አይዘልም። አደን፣ የከብት ግጦሽ ወይም ጦርነት ያንን አንድ ቦታ ሲነካ ሌላ መሸሻ የለውም፤ ክትባትም ከጥይት አያስጥለውም። ስለዚህ መጠባበቂያ መንጋ ይኑር የሚለው ሐሳብ ከቀይ ቀበሮው ይልቅ ለዋልያ ሚዛን ይደፋል።

አብነትም አለው። የዋልያ ዘመድ የሆነው የአልፕስ ተራሮች የዱር ፍየል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ ግራን ፓራዲሶ በተባለ አንድ ተራራማ ስፍራ መቶ ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። በ1821 አደኑ ታገደ፤ በ1856 ስፍራው በዘብ የሚጠበቅ የንጉሡ የአደን ክልል ሆነ፤ መንጋውም በሺዎች ተቆጠረ። ስዊዘርላንዳውያን ግልገል እንዲሸጥላቸው ቢጠይቁ ንጉሡ እንቢ ስላሉ፣ በ1906 በኮንትሮባንድ አስገብተው ዛንክት ጋለን ከተማ ባለ ማቆያ አረቧቸው። በ1911 የመጀመሪያዎቹን ወደ ተራራ ለቀቁ። ዛሬ በአልፕስ ላይ ያሉት ከ40 ሺህ ይበልጣሉ። የዘር ስብጥራቸው ግን እስከ አሁን ጠባብ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። ግልገሎቹ ወደ ማቆያ የገቡት ምንጩ ተራራ ለሰማንያ ዓመት ያህል ከተጠበቀና መንጋው ከበዛ በኋላ ነው። የተወሰደው ጥቂት ምንጩን አልጎዳውም፤ የተራባውም ሲለቀቅ የሚሄድበት ቦታ ነበረው። ለዋልያም መጠባበቂያ መንጋ ከታሰበ አየሩ በሚስማማው በኢትዮጵያ ደጋ፣ የዘር መዝገብ ተይዞለት፣ መቼና የት እንደሚለቀቅ ከመነሻው ተወስኖ ቢሆን ይሻላል። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ወጪ ለአጥር ሳይሆን ለሰሜን ተራሮች የፓርክ ጠባቂዎች ደመወዝና ደኅንነት መዋል አለበት። ተራራው ካልተጠበቀ መልሰን የምንለቅበት ቦታ አይኖርምና።