ቀዩ አፈርና የፎስፈረስ ጥያቄ፦ የጌዴኦ ጓሮ የጆንያ ማዳበሪያ ያስፈልገዋል?

ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ የሚሄድ ሰው ግራ ቀኙ አረንጓዴ ነው። እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ፣ ቡናው ከእንሰቱ አጠገብ፣ ከሁለቱም በላይ ዋንዛና ብርብራ። ይህን ቁልቁለት አይቶ መሬቱ የሚጎድለው ነገር አለ ብሎ የሚጠረጥር አይኖርም። የዚህ ዓይነቱ ቀይ አፈር ላቦራቶሪ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውጤት ሌላ ነው፦ አሲዳማ፣ ተክል ሊስበው የሚችለው ፎስፈረስም አነስተኛ። ለምለም ጓሮና ደካማ የምርመራ ወረቀት እንዴት አብረው ይኖራሉ? ለጌዴኦ ገበሬ ፎስፌት በጆንያ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ጥያቄው የቆየ ነው። በአገራችን የማዳበሪያ ሙከራ በስፋት የተጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ገበሬው የሰማው ምክር በአብዛኛው አንድ ነበር፦ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። አፈሩ የመረሬም ይሁን ቀይ፣ ቦታው አርሲም ይሁን ጎጃም ልኩ ብዙም አይለወጥም። ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ መሪነት የአገሪቱ አፈር በናሙና ሲመረመር ጉድለቱ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ብቻ እንዳልሆነ ታየ፤ ድኝና ቦሮንም ተጨመሩ፤ የፎስፈረስ ማዳበሪያው ዳፕም ቦታውን ድኝ ላለበት ለኤንፒኤስ ለቀቀ። ይህ ሁሉ ሲደረግ ግን በሐሳብ ውስጥ የነበረው ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ነው። እንሰትና ቡና ተደባልቀው የሚበቅሉበትን ጓሮ ማንም ዋና ጉዳዩ አላደረገውም።

የነገሩ ቁልፍ ያለው በአፈሩ ቀለም ውስጥ ነው። አፈሩን ያቀላው የብረት ኦክሳይድ፣ ማለትም ዝገት ነው። ይህ ዝገት ከአሉሚኒየም ጋር ሆኖ ፎስፌትን አጥብቆ ይይዛል፤ የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ፣ ማለትም አሲዳማነቱ ሲጨምር፣ ደግሞ አያያዙ ይበረታል። ስለዚህ በአንድ ሄክታር የላይኛው አፈር ውስጥ ብዙ መቶ ኪሎ ግራም ፎስፈረስ ተቀምጦ ሥር የሚያገኘው ጥቂት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከጆንያ የሚጨመረውም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም፤ በመጀመሪያው የምርት ወቅት ሰብሉ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው። ቀሪው ታስሮ ይቀራል።

ከእርሻ በጣም የራቀ የሚመስል አንድ ሙያ ይህንኑ ያረጋግጣል። በቤታቸው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ጨዋማ ውኃ ሞልተው ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ፎስፌት ሲበዛባቸው ገንዳው በዋቅላሚ ይወረራል፤ ያን ጊዜ ገዝተው የሚጠቀሙበት ማጣሪያ የብረት ኦክሳይድ እንክብል ነው። የይርጋጨፌን አፈር ያቀላው የዚያው ዘር ማለት ነው! አጥርተው አጥርተው ፎስፌቱ ሲያልቅ ደግሞ ኮራሉ ይገረጣል፣ ይራባል፤ ስለዚህ በጠብታ መልሰው ይሰጡታል። ጠብታውን ግን በመጀመሪያ ገንዳው ውስጥ ያለው ድንጋይ ይመጠዋል፤ ድንጋዩ እስኪጠግብ ድረስ የውኃው ልኬት አይነሣም። ታግሦ ያልለካና ጠብታውን የደራረበ ሰው፣ ድንጋዩ የጠገበ ዕለት ዋቅላሚው ተመልሶ ይመጣበታል። ምን ያህል ተጨመረ ከሚለው ይልቅ ሕይወት ላለው ነገር ምን ያህሉ ደረሰ የሚለው ይበልጣል። የእኛም ጥያቄ ይኸው ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ቶን ጥሬ ቡና ከመሬቱ ይዞ የሚሄደው ፎስፈረስ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ኤንፒኤስ 38 በመቶ ፎስፌት አለው ሲባል ስሌቱ ኦክስጅኑን ጨምሮ ስለሆነ፣ በ50 ኪሎ ጆንያ ውስጥ ያለው ንጹሕ ፎስፈረስ ወደ 8 ኪሎ ግራም ይጠጋል። አንድ ጆንያ የሦስት ቶን ቡናን ፎስፈረስ ይተካል ማለት ነው። የጌዴኦ ገበሬ ይዞታ ደግሞ በአብዛኛው ከአንድ ሄክታር በታች ነው፤ ከዚያ ጓሮ ሦስት ቶን ጥሬ ቡና ማውጣት ዓመታት ይጠይቃል። በቡና በኩል ከጓሮው የሚወጣው ፎስፈረስ እንግዲህ ኢምንት ነው።

ያን ኢምንት ጓሮው ራሱ ሲተካው ኖሯል። የሚረግፈው ቅጠል ሲበሰብስ ፎስፈረሱን ቀስ እያለ ይለቃል፤ ከብስባሹ የሚወጡት አሲዶች ብረቱ ፎስፌትን የሚይዝባቸውን ቦታዎች ቀድመው ስለሚይዙ የእስሩ ጉልበት ይላላል። በቡና ሥር ላይ የሚኖሩ ፈንገሶች ሥሩ ራሱ ከማይደርስበት ቦታ ፎስፈረስ ያመጡለታል። የጥላ ዛፍ ሥር ከጥልቅ የሳበውን በቅጠሉ በኩል ላይ ላዩ ላይ ያራግፋል። ከብት ያለው ቤት ፍጉን ወደ እንሰቱ ይመልሳል፤ የምድጃው አመድም እዚያው ይደፋል። በዚህ ጓሮ የፎስፈረስ ጉዞ ከቅጠል ወደ ሥር ስለሆነ ዝገቱ የሚይዝበት አጋጣሚ ጠባብ ነው። ታደሰ ኪጴ በ2002 (እ.ኤ.አ.) በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ጥናት ይህን ሥርዓት ለረጅም ዘመን ራሱን የቻለ አድርገው አሳይተውታል። ዩኔስኮም በመስከረም 2023 (እ.ኤ.አ.) የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህንኑ እርሻ በአካባቢው ካሉት ትክል ድንጋዮች ጋር አብሮ መዝግቧል።

ለቡናው የጆንያ ፎስፌትን የሚከለክል ሌላም ነገር አለ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ኦርጋኒክ ቡና ይሸጣል። የኦርጋኒክ ደንብ ኤንፒኤስንም ዳፕንም አይፈቅድም፤ ብስባሽ፣ የተፈጥሮ ኖራና የተፈጨ የፎስፌት ድንጋይ ግን ይፈቅዳል። በአውሮፓ ደንብ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል ወደ ኦርጋኒክ የመሸጋገሪያው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ለአንድ ጆንያ ሲባል ይህን ያህል ገበያ ማጣት አይገባም።

ይህን ብዬ ግን ጆንያውን ከጌዴኦ ምድር ሁሉ ላባርረው አልፈልግም። መሬት እየጠበበ ነው። ልጆች ሲካፈሉት እንሰቱ ይነሣል፣ ጥላው ይመነጠራል፣ በቦታው በቆሎ ወይም አትክልት ይገባል። በቡሌ በኩል ባለው ደጋም ገብስና አትክልት የሚዘሩ አሉ። ዓመታዊ ሰብል ገላባው ሳይቀር ተነሥቶ ስለሚሄድ ቅጠሉ ይዞት የነበረው ዑደት ይቋረጣል፤ ዝናቡም የተራቆተውን አፈር ከነፎስፈረሱ ያጥባል። በዚህ ዓይነቱ ማሳ ላይ ጥቂት ፎስፌት ከዘሩ አጠገብ በመስመር ማኖር ያዋጣል፤ መበተን ግን ዝገቱን መቀለብ ነው። የአፈሩ አሲዳማነት ከበረታም መቅደም ያለበት ኖራ ነው። ችግሩ ኖራ በሄክታር በቶን የሚቆጠር መሆኑ ነው፤ ያን ሁሉ ጭነት በጌዴኦ ቁልቁለት በአህያና በሰው ጀርባ ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በአገሪቱ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው የእርሻ መሬት አሲዳማ እንደሆነ እየተነገረ፣ የኖራ አቅርቦት እንደ ማዳበሪያው ትኩረት አለማግኘቱ ትልቅ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጆንያው ራሱ ከውጭ የሚመጣ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከሞሮኮው ኦሲፒ ኩባንያ ጋር በድሬዳዋ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመትከል ስምምነት ተፈርሞ ነበር። በ2025 (እ.ኤ.አ.) ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የተፈረመው የጎዴው ፋብሪካ የሚያመርተው ዩሪያ ነው፤ ዩሪያ ደግሞ ፎስፈረስ የለውም። በወለጋ ጊምቢ አካባቢ ቢቂላል ላይ የፎስፌት ማዕድን እንዳለ ከታወቀ ቆይቷል። አጥንትም አለ፤ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር ጂኦሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የአገሪቱ የእንስሳት አጥንት ተሰብስቦ ቢዘጋጅ ከዓመታዊው የፎስፈረስ ማዳበሪያ አቅርቦት ከሩብ በላይ ሊሆን እንደሚችል አስልቷል።

በይርጋጨፌ ግን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የቡና ልጣጭ ነው። ከእሸት ቡናው ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ልጣጭ ሆኖ በቡና ማጠቢያ ጣቢያው ይቀራል፤ ተከምሮ ይሸታል፣ እጣቢውም ወደ ወንዝ ይወርድና በጊዳቦና በገላና በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ይጓዛል። በልጣጩ ያለው ፎስፈረስ ብዙ አይደለም፤ ሀብቱ ፖታሲየምና የታሰረውን ፎስፈረስ የሚያላላው ብስባሽ ነው። ገበሬው ከጓሮው የለቀመው ነውና ወደ ጓሮው መመለስ አለበት። ስለዚህ ማጠቢያ ያላችሁ ማኅበራትና ባለሀብቶች፣ ልጣጩን ብስባሽ አድርጋችሁ እሸቱን ላመጣላችሁ ገበሬ መልሱለት። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም፣ ለጓሮው ጆንያ ከማደላችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ፤ ኖራውንም ከማዳበሪያው አስቀድማችሁ አድርሱ።