በብላቴ በኩል ወይስ በአካዳሚ?

መኮንን መሆን የሚመኝ የሀድያዋ ቦኖሻ ወጣት ሁለት መንገድ አለው። ተራ ወታደር ሆኖ ተመልምሎ፣ እንደ ብላቴ ባለ ማሠልጠኛ አልፎ፣ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ እያለ ከመኮንኖች ኮርስ መድረስ አንዱ ነው። ሌላው ከ12ኛ ክፍል በኋላ በዕጩ መኮንንነት ወይም በመከላከያ ዩኒቨርሲቲ በኩል መግባት ነው። መኮንን ከሠልፉ ይውጣ ወይስ ከትምህርት ቤቱ የሚለው ክርክር ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል።

በ1927 ዓ.ም. ስዊድናዊው ሻምበል ቪኪንግ ታምና ባልደረቦቹ ሆለታ ገነት ላይ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ኮርሱ ሳያልቅ ጣልያን ደረሰ። ዕጩ መኮንኖቹ ወደ ጣርማ በር ተላኩ፤ ከሽንፈቱ በኋላ ከእነሱ የተረፉት በምዕራብ የጥቁር አንበሳን የአርበኞች ማኅበር ካቋቋሙት መካከል ናቸው። ከነጻነት በኋላ ሆለታ እንደገና ሲከፈት ከሠራዊቱ ውስጥ የተመረጡ ወታደሮችን በአጭር ኮርስ ማስመረቅ ያዘ። በ1950ዎቹ መባቻ ደግሞ በሕንድ መኮንኖች የሚመራው የሐረር ጦር አካዳሚ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ጎበዝ ተማሪዎችን ለሦስት ዓመት ማሠልጠን ጀመረ። የሐረር ምሩቅ በዕውቀቱ ይኮራ ነበር፤ የሆለታው ‹‹እኔ ወታደሩን አውቀዋለሁ›› ይል ነበር። ቅሬታው ከመኮንኖች ክበብ አልፎ ፖለቲካ ውስጥ ገባ። ከወታደራዊው ደርግ ወጥቶ በ1969 አገር የያዘው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የወታደር ልጅና የሆለታ ሰው ነበር። ሐረር ግን በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ተዘጋ።

ከሀድያና ከሀላባ ምድር ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ወንዝ ስም የሚጠራው ብላቴ ማሠልጠኛም የዚህ ታሪክ ክፍል ነው። በ1983 ደርግ ሲጨንቀው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስቦ እዚያ አስገባ። ትምህርትና ውትድርና ተገናኙ፤ ግን አመራር ለመፍጠር ታስቦ አይደለም፣ ሰው ስላለቀ ነው። ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ ብላቴን ሊጎበኙ ነው ተብሎ የተነሣው አውሮፕላን ናይሮቢ አረፈ፤ ብዙ ሠልጣኞችም በእግራቸው ወደ ኬንያ ተሻገሩ።

ሠራዊቱ ፈርሶ የታጋዮች ሠራዊት ቦታውን ሲይዝ ማዕረግ በትግል ልምድ ተለካ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያው ስብጥር የብሔሮችንና ሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ የያዘ እንዲሆን ደነገገ፤ በየትኛው ማዕረግ ላይ እንደሚለካ ግን አልዘረዘረም። ምልመላ ላይ ኮታ መሙላት ቀላል ነው፤ የተመልማዮች ሰልፍም ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ አይጠፋም። ችግሩ ከዚያ በኋላ፣ መኮንን መሆኑ ላይ ነው። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት በመላ አገሪቱ ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቤተ ሙከራ የሌለው የወረዳ ትምህርት ቤት ልጅ በዚህ ወንፊት አልፎ የዲግሪ በር ላይ መድረሱ ከባድ ነው፤ የሚቀረው ረጅሙ የብላቴ መንገድ ነው። ስለዚህ ተዋጽኦው ሲቆጠር ምልምሉና ኮሎኔሉ በአንድ ድምር መግባት የለባቸውም።