የሚኖሩበትን ቤት ማደስ፦ ዘወትር በሚታደስ ክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወና ላይ የዴስክቶፕ ሽግግር

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ ነው።)



 ንግግሬን በራሴ ላይ በደረሰ አንድ ችግር እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የማርች ወር፣ አንድ ማታ በቤቴ ኮምፒዩተር ላይ የተጠራቀመውን ማሻሻያ ሁሉ ጫንኩ። ኮምፒዩተሩ የሚሠራው አርች ሊኑክስ በተባለው ስርዓተ ክወና ሲሆን፣ ዴስክቶፑ ፕላዝማ ነው። አጥፍቼ ሳስነሣው ሁሉም ነገር ከበፊቱ አምሮ ጠበቀኝ። ከዚያም ለአንዲት ተማሪዬ የምጽፈውን የድጋፍ ደብዳቤ ከፈትኩ። አንድ ፊደል እንኳ በአማርኛ መጻፍ አልቻልኩም፤ የምነካው ቁልፍ ሁሉ የላቲን ፊደል ያወጣል። ደብዳቤው የአማርኛ ነበር፤ የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ማግስቱ ነበር።

በዚያች ሌሊት የተማርኩትን ነው ዛሬ ላካፍላችሁ የመጣሁት። ነገሩን ለመረዳት ግን በቅድሚያ ሁለት ሐሳቦችን ማብራራት ይገባኛል።

የመጀመሪያው ዴስክቶፕ የሚለው ቃል ነው። ዴስክቶፕ ስንል መስኮቶቹን፣ ምናሌውን፣ የማስተካከያ ገጾቹን፣ እነዚህንም ሁሉ እንደ አንድ ሆነው እንዲሠሩ የሚያደርገውን የፕሮግራሞች ስብስብ ማለታችን ነው። በሊኑክስ ዓለም ግኖምና የኬዲኢ ፕላዝማ በሰፊው ይታወቃሉ። ዴስክቶፕ ብቻውን አይቆምም። ከሥሩ ከርነሉ አለ፤ በከርነሉ ላይ ምስልን ወደ ስክሪን፣ የቁልፍ ምትንም ወደ ፕሮግራም የሚያደርስ ሥርዓት አለ፤ በዚያም ላይ ቁልፎችንና ሳጥኖችን የሚስሉ የጋራ ላይብረሪዎች አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጠቃሚው በዓመታት ውስጥ የጨመራቸው ማስተካከያዎች ተደርበዋል።

ሁለተኛው ዘወትር የሚታደስ ስርዓተ ክወና የሚባለው ነው። ዴቢያንን የመሰለ ስርዓተ ክወና በየሁለት ዓመቱ ገደማ አንድ አዲስ እትም ያወጣል፤ በመካከሉ የሚመጣው በአብዛኛው የደኅንነት ጥገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው አርች ሊኑክስ እና የኦፕንሱዜው ተምብልዊድ ግን እንዲህ ያለ እትም የላቸውም። አዲስ ነገር በተዘጋጀ ጊዜ፣ ተፈትኖ ወዲያው ይመጣል። ይህ ሰዎቹ ሳይወጡ ጣሪያው የሚቀየርለትን ቤት ይመስላል። ብዙውን ጊዜ የሚቀየረው አንድ ቆርቆሮ ነውና ማንም ልብ አይለውም። አልፎ አልፎ ግን ምሰሶው ራሱ ይቀየራል።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2024 የወጣው ፕላዝማ 6 እንዲህ ያለ የምሰሶ ለውጥ ነበር። ፕላዝማ 5 ከወጣ ከ2014 ጀምሮ አሥር ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። ፕሮግራሞቹ የተሠሩበት ኪውት የተባለው ላይብረሪ ከአምስተኛው ወደ ስድስተኛው ትውልድ ተሻገረ። በስክሪን ሥርዓቱም በኩል ዌይላንድ ኤክስ 11ን ተክቶ ቀዳሚ ምርጫ ሆነ።

ይህ ሁለተኛው ለውጥ ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። ኤክስ 11 እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያገለገለ ሥርዓት ነው። በእርሱ ዘመን ፕሮግራሞች እርስ በርስ ይተማመኑ ነበር፤ አንዱ ፕሮግራም በሌላው መስኮት ውስጥ የሚጻፈውን ማየትና መላውን ስክሪን ፎቶ ማንሣት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ ይህን በር ዘጋ። ስክሪኑን መቅዳት የሚፈልግ ፕሮግራም አሁን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ለደኅንነታችን የሚበጅ ነው፤ ዳሩ ግን በተከፈተው በር ሲገቡና ሲወጡ የኖሩ መሣሪያዎች ሁሉ ሌላ መግቢያ መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

አሁን ወደ ደብዳቤዬ ልመለስ። በቀድሞው ፕላዝማ፣ ወደ ኮምፒዩተሩ ስንገባ ቀዳሚው ምርጫ የኤክስ 11 መግቢያ ነበር። በአዲሱ ግን ቀዳሚው ምርጫ የዌይላንድ መግቢያ ሆነ። እኔ እንደ ልማዴ ቀዳሚውን ምርጫ ይዤ ገባሁ፤ ያገኘሁት ግን ሌላ ቤት ነበር። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሜን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኙትን ሦስት መስመሮች ከዓመታት በፊት በአንድ ስውር ፋይል ውስጥ ጽፌ ነበር። ያ ፋይል የሚነበበው በኤክስ 11 በኩል ሲገባ ብቻ ነው። በዌይላንድ ላይ ደግሞ መጻፊያውን የሚያስነሣው የመስኮቶቹ አስተዳዳሪ ራሱ ሲሆን፣ የትኛው መጻፊያ እንደሚነሣ በማስተካከያዎቹ ውስጥ መምረጥ ያስፈልጋል። እኔ የፈለግኩት «የቁልፍ ሰሌዳ» በሚለው ገጽ ነበር፤ ምርጫው የተቀመጠው ግን «ምናባዊ የቁልፍ ሰሌዳ» በሚለው ነበር። ከሁለት ሰዓት ድካም በኋላ አገኘሁት። ደብዳቤውም በሰዓቱ ደረሰ።

ልብ በሉ፤ በዚያች ሌሊት የተበላሸ ፕሮግራም አልነበረም። አዘጋጆቹ ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። የተቋረጠው እኔ ከስርዓቱ ጋር ያደረግኩት፣ ካደረግኩም በኋላ የረሳሁት ስምምነት ነው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፤ በትልቅ ሽግግር ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳን የረሳነው የራሳችን ሥራ ነው። በግኖምም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በወጣው ግኖም 45 ተቀጽላዎች የሚጻፉበት ደንብ በመለወጡ፣ ቀድሞ የተጻፈ ተቀጽላ ሁሉ ሳይስተካከል መሥራት አልቻለም። ግኖም ባዶውን ለሚጠቀም ሰው ምንም አልተፈጠረም፤ አሥር ተቀጽላ ለደረበ ሰው ግን ዴስክቶፑ ባንድ ቀን ባዳ ሆነበት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነውና፣ ከማሻሻያው በፊት በሚደረገው እጀምራለሁ።

አንደኛ፣ መዝገብ ይኑራችሁ። በስርዓቱ ላይ በእጃችሁ የለወጣችሁትን ነገር ሁሉ ከነምክንያቱና ከነቀኑ ጻፉ። ተራ ደብተር ይበቃል። እነዚያ ሦስት መስመሮች በደብተሬ ቢኖሩ ኖሮ ሁለቱ ሰዓት አሥር ደቂቃ በሆነ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከመጫናችሁ በፊት ማስታወቂያውን አንብቡ። በጁን 2025 ፕላዝማ 6.4 ሲመጣ፣ የኤክስ 11 ክፍል ለብቻው ተነጥሎ ወጣ። የአርች ማስታወቂያም በኤክስ 11 መቀጠል የሚፈልግ ሰው ያንን ክፍል በራሱ እጅ እንዲጭን አስቀድሞ አሳስቧል። ማስታወቂያው በጣት የሚቆጠሩ መስመሮች ነበሩ።

ሦስተኛ፣ ጫኑ እንደሆነ ሁሉንም ጫኑ፤ ትታገሡም እንደሆነ በሁሉም ታገሡ። አንዱን ክፍል አድሶ ሌላውን ማስቀረት አዲሱን በር በአሮጌው መቃን ላይ እንደ መግጠም ነው። መታገሥ ለሚሻም መለኪያ አለ። የፕላዝማ አዘጋጆች ከአንድ ዐቢይ እትም በኋላ እርማቶችን የሚያወጡት በአንድ፣ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስትና በአምስት ሳምንት ልዩነት ነው። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የታገሠ ሰው የመጀመሪያዎቹን እርማቶች ያገኛል። ወራት የቆየ ሰው ግን የብዙ ለውጦችን ሸክም ባንድ ቀን ይሸከማል፤ ችግሩ ከየትኛው እንደ መጣም ለመለየት ይቸገራል።

አራተኛ፣ መመለሻ መንገድ አዘጋጁ። ተምብልዊድ በተለመደው አጫጫኑ ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በፊትና በኋላ የስርዓቱን ቅጽበታዊ ምስል ያስቀምጣል፤ ችግር ቢገጥም ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የቀደመውን መምረጥ ይቻላል። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ያ ምስል የግል አቃፊያችሁን አይጨምርም። አዲሱ ዴስክቶፕ ደግሞ ገና ሲነሣ በግል አቃፊያችሁ ያሉትን ማስተካከያዎች ወደ አዲሱ መልክ ሊለውጣቸው ይችላል። ስለዚህ ስርዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ማስተካከያዎቹ ግን ወደፊት ሄደው ይቀራሉ። ከዐቢይ ሽግግር በፊት የማስተካከያ ፋይሎቻችሁን ለብቻቸው ቅዱ።

የምትጭኑበትንም ሰዓት ምረጡ። የአርች ጫኝ ሁሉንም ካወረደ በኋላ ነው መጫን የሚጀምረው፤ በማውረድ ላይ ሳለ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ጉዳት የለውም። በመጫን ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ግን ስርዓቱ በግማሽ ታድሶ ሊቀር ይችላል። የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን። ሲጨርስም አጥፍታችሁ አስነሡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ችግር ቢገጥም አትደንግጡ። ስክሪኑ ባዶ ከሆነ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 3 ቁልፎችን በአንድነት በመጫን ወደ ጽሑፍ መግቢያ መሄድ ይቻላል። ከዚያም አዲስ የሙከራ ተጠቃሚ ፍጠሩና በእርሱ ግቡ። በአዲሱ ተጠቃሚ ሁሉም ነገር ከሠራ፣ ችግሩ በስርዓቱ ሳይሆን በእናንተ የቆየ ማስተካከያ ውስጥ ነው። ይህች ቀላል ፈተና የብዙ ሰዓት ፍለጋ ታድናለች።

በመጨረሻም በሐቅ ልናገር። ይህ አኗኗር ለሁሉም አይሆንም። ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን የቤተ ሙከራ ወይም የቢሮ ኮምፒዩተር በእንዲህ ያለ ስርዓት ላይ እንድታስቀምጡ አልመክርም፤ የምሰሶውን ለውጥ በሁለት ዓመት አንዴ፣ በታወቀ ቀን ማድረግ ይሻላል። በራሳችሁ ኮምፒዩተር ላይ ግን ሌላ ትርፍ አለው። እኔ በቋንቋዬ የምጽፍበት መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ያወቅኩት ሥራውን ባቆመበት ሌሊት ነው። በማግስቱ በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩት፤ ገጹም እስከ ዛሬ አለ።