ኃይሌን ሲፈልጉ ሀይሌ እንዳያመልጥዎ

የሠርግ ጥሪ ዝርዝር ብዙ እጅ የሚያልፍበት ጽሑፍ ነው። ግማሹን የሙሽራዋ እህት ትጽፈዋለች፣ ቀሪውን የሙሽራው አጎት በስልክ ይልኩታል። አንዱ «ኃይሌ» ያለውን ሌላው «ሀይሌ» ይለዋል። ሲነበብ አንድ ነው፤ ኮምፒውተር ግን ጆሮ የለውም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው መለያ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ «ኃይሌ» ብለው ሲፈልጉ «ሀይሌ» አይመጣልዎትም። ሰውየው የተዘነጉ መስሎዎት ሁለተኛ ካርድ ቢልኩ ቀላሉ ነው። አንድ የቅርብ ዘመድ ሳይጠራ ሲቀር የሚመጣውን ኩርፊያ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

መፍትሔው ብዙዎቻችን ነክተናቸው በማናውቃቸው፣ የፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ ባሉት ትንንሽ ምልክቶች ላይ ነው። ኮድ የሚማር ልጅ ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ የማይጠፋውን፣ በነፃ የሚጫነውን ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የተባለ ቴክስት ኤዲተር እንውሰድ። በዊንዶውስ ኮንትሮልን ይዘው ኤፍን ሲጫኑ ሳጥኑ ይከፈታል። ቀጥሎ አልትን ይዘው አርን ይጫኑና [ሀሃሐሓኀኃ]ይሌ ብለው ይጻፉ። ቅንፉ «ከእነዚህ ፊደላት አንዱ» ማለት ነው፤ ስሙ በየትኛውም «ሀ» ቢጻፍ ይገኛል። ፀሐይ የምትባል እንግዳ ካለች [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ይበሉ።

አልት እና ሲ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያል፤ ለአማርኛ ምንም አይጠቅምም። አልት እና ደብሊው ግን «ሙሉ ቃል ብቻ» ስለሚል ልብ ይበሉት። «አበበ»ን ሲፈልጉ «አበበች» እንዳትመጣ ያደርጋል፤ ያ ጥሩ ነው። በሌላ በኩል አማርኛችን ቃል ላይ ቃል ስለሚቀጥል «ለአበበ» እና «የአበበ» የሚሉትንም ይዘላቸዋል። ቁልፉ አንዴ ከበራ ደግሞ ዳግም እስኪጫኑት እንደበራ ይቆያል። ልጅዎ ለትምህርቱ አብርቶት ከሄደ በኋላ እርስዎ ፈልገው ቢያጡ፣ ጽሑፉ ጠፋ ብለው ከመደንገጥዎ በፊት ምልክቶቹን ይዩ።

ኮንትሮል እና ኤች የተገኘውን ቃል በሌላ ይተካል። ለሰው ስም ይህን ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ፤ ባለቤቱ በ«ኃ» የሚጽፈውን ስም በጅምላ «ሀ» ማድረግ ደስ አይልም። ተሳስተው ከተኩ ኮንትሮል እና ዜድ ይመልሰዋል።

በማክ ኮምፒውተር ላይ አልት በነበረበት ኦፕሽንና ኮማንድን አንድ ላይ ይይዛሉ። ማይክሮሶፍት ዎርድ ውስጥም ቅንፉ ይሠራል፤ ሆኖም መጀመሪያ ኮንትሮልና ኤችን ተጭነው ከሚመጣው ሳጥን ተጨማሪ ምርጫዎቹን መክፈትና «ዋይልድካርድ» የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። ቁልፎቹ ከፕሮግራም ፕሮግራም ስለሚለያዩ ቤት ውስጥ የምትጠቀሙባቸውን በአንዲት ካርድ ላይ ጽፋችሁ ከስክሪኑ ጎን ለጥፉ። ሥራውን ለልጆቹ መስጠት ይቻላል፤ በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ማውሱን ምልክቱ ላይ ሲያሳርፉት ቁልፉ ራሱ ተጽፎ ይታያቸዋል።