የገመድ አልባ ቺፕ የፋብሪካ ፈተና

ዘመናዊ አምፖል ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ይነጋገራል፤ ከሌሎች አምፖሎች ጋር ደግሞ ዚግቢ ወይም ትሬድ በሚባሉ የገመድ አልባ መነጋገሪያ ደንቦች (ፕሮቶኮሎች)። ይህን ሁሉ የሚሠራው አንድ ቺፕ ነው፤ ሬዲዮውም አንድ ነው። የአሜሪካው ሲሊከን ላብስ የሚሠራቸው የኢኤፍአር32 ቺፖችና የኖርዌዩ ኖርዲክ ሴሚኮንዳክተር ኤንአርኤፍ52840 የዚህ ዓይነት ናቸው። የሚሠሩት ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ሲሆን፣ ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ በዚያ ውስጥ 40 ቻናል፣ ዚግቢና ትሬድ ደግሞ በጋራ የሚጠቀሙባቸው 16 ቻናሎች አሏቸው።

ቺፑ ከአምራቹ የሚወጣው ተፈትኖ ነው። ሆኖም ቺፕ ብቻውን ሬዲዮ አይሆንም። የሞገዱን ድግግሞሽ የሚወስነው ክሪስታል፣ አንቴናው፣ ወደ አንቴናው የሚወስዱት ጥቃቅን ካፓሲተሮችና ጥቅልሎች ቦርዱ ላይ የሚበየዱት አምፖሉ በሚገጣጠምበት ፋብሪካ ነው። ስለዚህ እዚያ ዲዛይኑ እንደገና አይፈተንም፤ የሚፈተነው እያንዳንዱ ቦርድ በትክክል መገጣጠሙ ነው።

ቦርዱ የውጭ ሞገድ በማያስገባ የብረት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። መጀመሪያ መልእክት ያልተጫነበት ንጹሕ ሞገድ፣ ለምሳሌ በ2440 ሜጋኸርዝ፣ እንዲልክ ይታዘዛል። ክሪስታሉ በሚሊዮን 20 እጅ ብቻ ቢሳሳት፣ ሞገዱ 48.8 ኪሎኸርዝ ያህል ከቦታው ይንሸራተታል። በኢኤፍአር32 ውስጥ ይህን የሚያርሙ ካፓሲተሮች አሉ፤ ጭነታቸው ሲጨምር ሞገዱ ዝቅ ይላል። ትክክለኛው የጭነት ቁጥር ሲገኝ በቺፑ ማኅደረ ትውስታ ይጻፋል፤ አምፖሉም ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ይሠራል።

ቀጥሎ የሚልከው ኃይል ይለካል። ልኬቱ በገመድ ብቻ ከሆነ አንቴናው ሳይፈተን ያልፋል፤ ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ በአየር ላይ መለካቱ የግድ ነው። በመጨረሻ ጥሩነቱ የተረጋገጠ ሌላ ሬዲዮ ቁጥራቸው የታወቀ ፓኬቶችን በደካማ ሞገድ ይልካል፤ ቦርዱ ስንቱን እንደተቀበለ ይቆጠራል። ለዚህ እንዲያገለግል የብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ ስታንዳርድ ዳይሬክት ቴስት ሞድ የሚባል የፈተና መንገድ አለው።

ለዚህ ፈተና የዚግቢ ኔትወርክ መዘርጋትም ሆነ ስልክ ማገናኘት አያስፈልግም። አማርኛም ኦሮምኛም ትግርኛም የሚናገር ሰው ጉሮሮው ቢዘጋ በሦስቱም ቋንቋ ድምፁ ይጠፋል። ፕሮቶኮሎቹም ክሪስታሉን፣ ማጉያውንና አንቴናውን ስለሚጋሩ፣ በአንዱ የተገኘ የብየዳ ጉድለት ሁሉንም ይነካል። ፈተናው በጥቂት ሰከንዶች የሚያልቀውም ለዚህ ነው።

ዋናው ጥያቄ የማለፊያው ነጥብ የት ይሁን የሚለው ነው። የብሉቱዝ ስታንዳርድ በመሠረታዊው ፍጥነት ከተቀባይ የሚጠይቀው የ−70 ዲቢኤም (ዲቢኤም የሞገድ ኃይል መለኪያ ነው) ሞገድ እንዲሰማ ነው፤ የዛሬ ቺፖች ግን −95 ዲቢኤም ድረስ፣ ማለትም ከ300 ጊዜ በላይ የደከመ ሞገድ ይሰማሉ። አንቴናው በደንብ ያልተበየደ ቦርድ አብዛኛውን አቅሙን አጥቶም የስታንዳርዱን መስፈርት ሊያሟላ ይችላል፤ ገዢው ግን አምፖሉ ከሳሎን አልፎ እንደማይሰማ ቤቱ ገብቶ ያውቀዋል። ስለዚህ የማለፊያው ነጥብ መቀመጥ ያለበት ደኅና ቦርዶች ከሚያስመዘግቡት ውጤት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። የእያንዳንዱ ቦርድ ውጤት ከመለያ ቁጥሩ ጋር ከተመዘገበ ደግሞ፣ የሚልከው ኃይል ከቦርድ ቦርድ እየወረደ ሲመጣ ብልሽቱ ገና ሳይበዛ መስመሩን አስቁሞ መንስኤውን መፈለግ ይቻላል።