ቆሞ የከረመ የጀልባ ሞተር

ሸራውን ስንገልጠው ሞተሩ ትናንት የተቀመጠ ይመስል ነበር። ቀለሙ አልተላጠም፣ ብሎኖቹም አልዛጉም። ደስ ብሎኝ እጄን ወደ ማስነሻው ገመድ ስዘረጋ አብሮኝ የነበረው የባሕር ዳር መካኒክ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። «ተው ወንድሜ፣ አሁን አትሳበው። መጀመሪያ ይታይ» አለኝ። ያን ቀን ገመዱን የሳብነው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። በመካከሉ ያየሁትን ካየሁ ወዲህ አንድ ነገር አምኛለሁ፤ ቆሞ የከረመን ሞተር ብዙ ጊዜ የሚገድለው መቆሙ ሳይሆን ዳግም በተነሣባቸው የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የሚደርስበት ጥድፊያ ነው።

ጣና ላይ እንዲህ የከረሙ ጀልባዎች ጥቂት አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ጎብኚ ጠፋ፤ ከዚያም ጦርነቱና የጸጥታው ችግር ተከታተሉ። ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ይመላለሱ ከነበሩት መካከል ወራትን፣ አልፎም ዓመታትን ዳር ላይ ያሳለፉ አሉ። ሥራ ተገኘ ሲባል ባለቤቱ ቢጣደፍ አይፈረድበትም። በሬ ሲያርፍ ይወፍራል፤ ሞተር ግን ሲያርፍ ይታመማል፤ ሕመሙም ከውጭ አይታይም።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ከጀልባው ኋላ በብሎን የሚታሰረው ይህ ሞተር ሦስት ክፍል አለው። ከላይ በክዳን የተሸፈነው ራሱ ሞተሩ ነው። ከእርሱ ቁልቁል የሚወርድ ረጅም ዘንግ አለ፤ ከታች ውሃው ውስጥ ደግሞ የዘንጉን ዙር ወደ ፕሮፔለሩ የሚያዞር የማርሽ ቤት። ይህን ዓይነት ሞተር በብዛት ሠርቶ ለገበያ በማቅረብ ስሙ የሚነሣው በኖርዌይ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። በአንድ የበጋ ቀን ለእጮኛው ለቤስ አይስክሬም ሊያመጣ ሐይቅ ሲቀዝፍ አይስክሬሙ መንገድ ላይ ቀለጠበትና ሐሳቡ ያኔ መጣለት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1909 ለሽያጭ የቀረበው ሞተሩ አንድ ሲሊንደርና አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ክብደቱም ወደ 28 ኪሎ ግራም ይጠጋ ነበር። ማስታወቂያውን የጻፈችው ቤስ ናት፤ ሰዎች መቅዘፊያቸውን እንዲጥሉ የሚመክር ማስታወቂያ ነበር። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

በእኛ ሐይቆች በብዛት የሚታዩት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች እንደ መኪና የራሳቸው የዘይት ማጠራቀሚያ የላቸውም። ዘይቱ ቤንዚኑ ውስጥ ይደባለቃል፤ የተለመደው ልክ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው። ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ፒስቶኑንም ሆነ ኩሽኔታውን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ይህ ዘይት ብቻ ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ቀጥሎ የማወራው አይገባውም።

መካኒኩ የጀመረው ከቤንዚኑ ነው። ታንኩን ከፍቶ አሸተተ፤ ፊቱን አዞረ። ቤንዚን ጥቂት ወራት ሲቆም ቶሎ የሚነዱት ቀላል ክፍሎቹ ይተናሉ፤ የሚቀረው እየወፈረ ሄዶ ሙጫ ይሆናል። ሽታውም ከቤንዚን ይልቅ ወደ አሮጌ ቀለም ያደላል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ የባሰ ነው፤ ኢታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ውሃው ሲበዛም ከቤንዚኑ ተለይቶ ታች ይዘቅጣል። ሞተሩም ቤንዚን የሚስበው ከታች ነው። የከረመ ቤንዚን በአዲስ ቢበረዝ አይድንም። ተቀድቶ ወጥቶ፣ ታንኩ ታጥቦ፣ ፊልትሮው ተቀይሮ በአዲስ መጀመር አለበት። የተቀዳው ደግሞ ሐይቁ ውስጥ አይደፋም፤ ዓሣ የሚበላበትና ሰው የሚጠጣው ውሃ ነው።

ቀጥሎ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚደባልቀውን ካርቡሬተር አወረደ። ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጽዋ ሲፈታት፣ ማር የፈሰሰበት ይመስል ቢጫ አረንጓዴ ሙጫ ግድግዳዋ ላይ ተጋግሯል። በመካከሏ በካቻቢቴ የምትፈታ፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትሰፋ ቀዳዳ ያላት ናስ አለች። ናሷን አውጥቶ ወደ ሰማይ ያዛትና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየባት። ለእኔም ሰጠኝ። በቀዳዳው መሀል የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ብቻ ነበረች፤ ዙሪያዋን ሙጫው ይዞታል።

አደጋው ያለው እዚህች ቀዳዳ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ብትደፈን ሞተሩ አይነሣም፤ እንቢ ያለ ሞተር ደግሞ አይጎዳም። ግማሿ ሲደፈን ግን ሞተሩ ይነሣል። ያጓራል፣ ባለቤቱም ይስቃል። ነገር ግን የሚገባው ቤንዚን አንሷል፤ ቤንዚኑ ሲያንስ አብሮት የሚገባው ዘይትም ያንሳል፤ ነዳጅ ያነሰው ቃጠሎ ደግሞ ይበልጥ ይግላል። ትኩስና ደረቅ ፒስቶን ሲሊንደሩን ይነክሳል። ከሐይቁ መሀል «ደህና ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለ» ተብሎ የሚመጣው ሞተር ታሪኩ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ናሷን በካርቡሬተር ማጠቢያ ዘፍዝፎ በታመቀ አየር መንፋት ይበጃል። ባይከፈት ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ስቦ ማሳለፍ ነው። በብረት መርፌ መቆርቆር ግን ቀዳዳውን ያሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ልኩን አያገኝም።

በነዳጁ ቱቦ ላይ ያለችው የጎማ ኳስ በእጅ ስትጨመቅ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጠንከር አለባት። ካልጠነከረች ቱቦው የሆነ ቦታ ተሰንጥቆ አየር ይስባል፣ ወይም ውስጧ ያሉት ቫልቮች ደርቀዋል፣ ወይም በላይዋ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ሳይሆን ወደ ታንኩ ዞሯል። የታንኩን ክዳን መተንፈሻም ማየት ነው፤ ጭቃ የምትለጥፍ ተርብ ቤቷን የምትሠራበት ቦታ አታጣም።

አሁን ስለ ውሃው ፓምፕ። የጀልባ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ነው። ውሃውን የሚስበው ከማርሽ ቤቱ በላይ የተቀመጠ፣ ኢምፔለር የሚባል ባለ ክንፍ ጎማ ነው። ክንፎቹ ጠባብ ቤታቸው ውስጥ ታጥፈው ስለሚቀመጡ ሞተሩ ለወራት ሳይዞር ሲቀር በታጠፉበት ይደርቃሉ። እኛ የፈታነው ከስድስቱ ክንፎች ሁለቱ ጎብጠው ቀርተው ነበር። መካኒኩ አንዱን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ሲያጥፈው እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰበረ። ሞተሩ ላይ ሆኖ ቢሰበር ኖሮ ቁራጩ ወደ ላይ ተጉዞ የማቀዝቀዣውን መንገድ ይዘጋ ነበር። ስለዚህ የተሰበረ ኢምፔለር ያገኘ ሰው አዲስ ገጥሞ ዝም አይበል፤ የጎደለውን ቁራጭ እስኪያገኝ ይፈልግ። ከሞተሩ ጎን የምትረጨው ቀጭን ውሃ የፓምፑ ምስክር ናት። ካልታየች ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው፤ «ትንሽ ልጠብቃት» አይባልም። በደረቅ መሬት ለሙከራ ብሎ ማስነሣትም ክልክል ነው፤ ያለ ውሃ የሚዞር ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል።

ሲሊንደሩ ጋ ስንደርስ ካንዴላዎቹ ተፈቱ። በየቀዳዳው አንድ ማንኪያ ያህል ዘይት ጠብ ተደርጎ ትንሽ ከቆየ በኋላ ሞተሩን በእጃችን ቀስ ብለን አዞርነው። ይህ የሚደረገው እርጥበት የሲሊንደሩን ግድግዳ አዝጎት፣ የፒስቶኑም ፋሻ ተጣብቆ ከሆነ በጉልበት ተስቦ እንዳይሰበር ነው። እንቢ ካለ ደግሞ ዘይቱ አንድ ሁለት ቀን እንዲሰርግ መተው እንጂ በቁልፍ መታገል አይደለም። ካንዴላ ርካሽ ስለሆነ አሮጌውን ለመጠባበቂያ አስቀምጦ አዲስ መግጠም ይሻላል።

ብልጭታ ጠፍቶ ብልጭታ ሰጪውን ቦቢና ከመጠርጠር በፊት ግን ቀዩን ገመድ ተመልከቱ። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩን እንዲያጠፋ እጁ ላይ የሚያስረው ገመድ አለ፤ ጫፉ ላይ ያለችው ቁራጭ ቦታዋ ካልገባች ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢሳብ አይነሣም። በዚህች ቁራጭ የተነሣ ሙሉ ሞተር ተፈትቶ ያየ ሰው ታሪኩን አይረሳም። የኤሌክትሪክ ማስነሻ ያለው ከሆነ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት፤ ባዶውን የከረመ ባትሪ ብዙ ጊዜ ቢሞላም አይዝም።

ከማርሽ ቤቱ የታችኛው ብሎን ተፈትቶ ዘይቱ ሲወርድ የማኪያቶ መልክ ካለው ውሃ ገብቶበታል። ጣና ላይ የዚህ ዋናው ምክንያት የዓሣ መረብ ነው። የተጣለ የናይሎን ክር ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ወደ ውስጥ እየተሳበ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን የዘንጉን ፓራኦሊዮ ይቆርጣል። እምቦጭ የተባለው አረምም የማቀዝቀዣው ውሃ የሚገባበትን ወንፊት ይደፍናል። ፕሮፔለሩን አውልቆ ከጀርባው ክር እንዳለ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አዲሱ ዘይት የሚሞላው ከታች ነው፤ በላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ይገፋል፤ እንዲህ ካልሆነ ውስጡ አየር ይቀራል።

ከሌላ አገር የመጡ መመሪያዎች የማይነግሩን አንድ ነገር አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ በባሕር ዳርቻ 40 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ካርቡሬተር ያለው ሞተር እዚህ 33 አካባቢ ቢሰጥ ነው። ነዳጁም ለአየሩ ይበዛበታል። ስለዚህ ከባድ ጭስና የጠቆረ ካንዴላ ያየ ሰው ሁሉንም የመክረሙ ጥፋት አያድርገው። ለከፍታው የሚስማማ ናስ የተገጠመለት እንደሆነ ይጠይቅ።

ገመዱን የሳብነው ሞተሩን ውሃ በሞላ በርሚል ውስጥ አስቁመን ነው። በስድስተኛው ተነሣ። ጠብ ያደረግነው ዘይት እስኪቃጠል ሰማያዊ ጭስ ተግተለተለ፣ ከዚያም ጠራ፤ ቀጭኗም ውሃ ከጎኑ ወጣች። ዐሥር ደቂቃ ዝግ ባለ ዙር እየሠራ ቆየ። መካኒኩ እጁን ከሲሊንደሩ ራስ አጠገብ አድርጎ ሙቀቱን ሲከታተል ነበር፤ አንድም ጊዜ ነዳጅ አልሰጠውም።

ጀልባ ያላችሁ፣ ሥራ ሊቀዘቅዝ ነው ስትሉ የነዳጁን ቱቦ ንቀሉና ሞተሩ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ ውሃ ላይ ተዉት። በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጠብ አድርጉ። ውስጡ ያለው ውሃ እንዲወርድ አቁማችሁ አስቀምጡት፤ ቆሞ በሚከርምበት ጊዜም በየወሩ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ጎተት አድርጉ፤ ኢምፔለሩ በአንድ በኩል ታጥፎ አይደርቅም። ሲነሣ ደግሞ የመጀመሪያው ጉዞ በጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ከዳር ሳይርቅ፣ ያለ ተሳፋሪና የሕይወት ጃኬት ተለብሶ ይሁን። ቤስ ማስታወቂያዋን የጻፈችው ለአዲስ ሞተር ነው። እናንተ መቅዘፊያውን ያዙ።