ጋዙ አልቋል ከመባሉ በፊት

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ፍሪጅ ሲያስቸግር ከጎረቤት እስከ ጠጋኝ የሚሰጠው የመጀመሪያ ፍርድ አንድ ነው፤ «ጋዙ አልቋል።» ፍርዱ ለሰሚው ይጥማል። ችግሩ ስም አገኘ፣ መድኃኒቱም ታወቀ። ገንዘብ ተከፍሎ ጋዝ ይሞላል፣ ፍሪጁ ለጥቂት ሳምንታት ደህና ይሰነብታል፣ ከዚያ ያው ፍርድ ይደገማል።

በፍሪጅ ውስጥ ያለው ጋዝ ግን አያልቅም። እንደ ቡታጋዝ ተቃጥሎ የሚጠፋ ነዳጅ አይደለም። ፋብሪካው በተበየደ ቧንቧ ውስጥ ያሸገው ያው ጋዝ ፍሪጁ አርጅቶ እስኪጣል ድረስ ሲዞር ይኖራል። ጎደለ ከተባለ ያፈሰሰበት ቀዳዳ መኖር አለበት፤ ቀዳዳ ከሌለ ጋዙም አልጎደለም። ችግሩ ታዲያ የት ነው? በአብዛኛው አየሩ በሚያልፍበት መንገድ ወይም በመብራቱ ላይ ነው። ይህ ለኮልፌው ፍሪጅ የሚሠራውን ያህል ሪያድ ወይም ቨርጂኒያ ባለ ዘመድ ቤት ከኮርኒስ በላይ በተዘረጋ የላሜራ ቦይ ለሚነፍሰው ትልቅ ኤሲም ይሠራል። ሁለቱም በአንድ ሕግ የሚሠሩ ማሽኖች ናቸው።

ሕጉ ቀላል ነው። ፈሳሽ ሲተን በዙሪያው ካለው ነገር ሙቀት ይወስዳል። አር 134 ኤ የተባለው የፍሪጅ ጋዝ በባሕር ጠለል ግፊት የሚፈላው ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ነው፤ በፍሪዘሩ ግድግዳ ውስጥ ሲፈላ የሥጋውንና የወተቱን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ብዙዎቻችን ሞተር የምንለው ኮምፕሬሰር ትነቱን ስቦ ይጨምቀዋል። የተጨመቀው ጋዝ ይግላል፤ ከኋላ ባለው ጥቁር ቧንቧ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር አስረክቦ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ቀጥሎ በጣም ቀጭን በሆነ የመዳብ ቧንቧ ሾልኮ ግፊቱ ሲወርድ እንደገና ይፈላል። ጃኮብ ፐርኪንስ እንግሊዝ አገር በዚህ ዑደት ለሚሠራ ማሽን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1834 ነው። ከዚያ ወዲህ ጋዙ ደጋግሞ ተለውጧል፣ ዑደቱ ግን ያው ነው። ማሽኑ ቅዝቃዜ አያመርትም፤ ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ይጥላል።

ስለዚህ ፍሪጅ አላቀዘቅዝ ሲል ከውስጡ በፊት ከኋላው ማየት ይሻላል። በኪራይ ቤት ቦታ ጠባብ ነው። ፍሪጁ በግድግዳውና በቡፌው መካከል ተጨናንቆ ይቆማል፤ አጠገቡ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ ከኋላው ደግሞ አቧራውና የወጡ እንፋሎት አንድ ላይ ተጋግረዋል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ሞተሩ ሳያርፍ ይሠራል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ ወተቱ ግን ይቆመጥጣል። ሶኬቱን ነቅሎ፣ ፍሪጁን ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቆ፣ ጥቁሩን ቧንቧ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ገንዘብ አይጠይቅም። (ላዩ ላይ የተዘረጋው ዳንቴል ጥፋት የለበትም፤ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ የአየሩን መንገድ ካልዘጋ።) በአዳዲሶቹ ፍሪጆች ጥቁሩ ቧንቧ አይታይም፤ በጎን ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል። ጎኑ ሲሞቅ «ተቃጠለ» ብሎ የሚደነግጥ አለ። መሞቁ ግን የመሥራቱ ምልክት ነው።

ቀጥሎ የበሩ ጎማ ይታያል። አንድ የብር ኖት በሩ ላይ ዘግተው ይሳቡት፤ ያለ ምንም ትግል ሸርተት ካለ በዚያ በኩል ሞቃት አየር እየገባ ነው። ጎማው ካልተቀደደ በሞቀ ውኃ ታጥቦ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

መብራቱ የራሱ ታሪክ አለው። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ቢባልም ምሽት ላይ፣ በየቤቱ እንጀራ ሲጋገር፣ ቁጥሩ ይወርዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል። የኮምፕሬሰሩ ሞተር ሲነሣ ያለው ጉልበት ከቮልቱ ካሬ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ 220 የነበረው 160 ሲሆን ጉልበቱ ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ያኔ ሞተሩ ለመነሣት ይታገላል፣ ያጉረመርማል፣ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ መከላከያው «ቀጭ» ብሎ ያቋርጠዋል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይሞክራል፣ መልሶ ይቋረጣል። ይህን «እምም... ቀጭ» የሚል ድምፅ የሰማ ሰው ጋዝ ከማስሞላቱ በፊት ቮልቱን ያስለካ። ስታብላይዘር መግዛት ሞተር ከማስቀየር ይረክሳል።

መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስም ሌላ ችግር አለ። ሞተሩ በቆመበት ሰዓት በአንድ በኩል ከፍተኛ፣ በሌላ በኩል ዝቅተኛ ግፊት ይቀራል። ሁለቱ በቀጭኑ ቧንቧ በኩል እስኪስተካከሉ ጥቂት ደቂቃዎች ይፈጃል። መብራቱ በሠላሳ ሴኮንድ ሲመለስ ሞተሩ ያንን ግፊት እየገፋ እንዲነሣ ይገደዳል። በከተማው የሚሸጡት የማዘግየት ኃይል ያላቸው መከላከያዎች ዋና ሥራቸው ይህን ጊዜ ማስጠበቅ ነው። መከላከያ የሌለው ሰው ሶኬቱን ነቅሎ አምስት ደቂቃ መታገሥ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ከፍታው እንውጣ፤ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ያለው ነገር ነው። ኮልፌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ ከምዕራብ የወጨጫ ተራራ ይታያል። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም ለዚህ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በጅቡቲ ወደብ 1.2 ኪሎ ግራም አካባቢ ቢመዝን እዚህ 0.9 ገደማ ነው። ስለዚህ በኤሲም በፍሪጅም ውስጥ ያለው ነፋሽ ያንኑ ያህል አየር ቢያንቀሳቅስም የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ደግነቱ አየራችን ቀዝቃዛ ስለሆነ ጉድለቱን ይክሳል።

የከፍታው ጉዳት ጎልቶ የሚታየው ጠጋኙ እጅ ላይ ባለው የግፊት መለኪያ፣ በጌጁ ነው። ጌጅ የሚያነበው በውጭ ካለው አየር ጋር እያነጻጸረ ነው። የጥገና መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠለል ስለሆነ ቧንቧው ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ቫኪዩም ሲደረግ መርፌው ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ መውረድ አለበት ይላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ቧንቧው ፈጽሞ ባዶ ቢሆን እንኳ መርፌው 22 ወይም 23 ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ የሚገፋው አየር የለምና። ይህን የማያውቅ ሰው ፓምፑን ይወቅሳል፣ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ጋዙ ሲሞላ ደግሞ ስሕተቱ ይገለበጣል፤ ያው ትክክለኛ ግፊት እዚህ ጌጁ ላይ 3.6 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ብሎ ይነበባል። አር 134 ኤ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ እንዲፈላ የሚያስፈልገው ግፊት በባሕር ጠለል ከ5 ፒኤስአይ በታች ሲነበብ እዚህ 8 ይደርሳል። የመመሪያውን ቁጥር በጭፍን የተከተለ ጠጋኝ ጋዙን አሳንሶ ሞልቶ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ «አሁንም አለቀ» ይባላል። መፍትሔው ሚዛን ነው። በፍሪጁ ጀርባ ወይም ውስጥ የተለጠፈው ጽሑፍ ጋዙ ስንት ግራም እንደሆነ ይናገራል፤ ግራም ደግሞ በከፍታ አይለወጥም።

ስለ ትልቁ ኤሲ አሁን እናውራ። ታክሲ ውስጥ አንዲት መስኮት በተከፈተች ቁጥር «ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ሊመታን ነው» በሚባልበት ከተማ ስለ ቤት ማቀዝቀዣ መጻፍ ቀልድ ይመስላል። ግን ከኮልፌ ወጥቶ ሪያድ፣ ዱባይ ወይም አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የሚኖር ቤተሰብ ያለው ብዙ ነው፤ ከእነሱ ደግሞ በቪዲዮ ጥሪ «ኮርኒሱ ውኃ እያንጠባጠበ ነው» የሚል ወሬ ይሰማል። በመላ ቤቱ በቦይ የሚነፍሰው ኤሲ ለምን ውኃ ያፈሳል? ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 ብሩክሊን ላለ ማተሚያ ቤት ዘመናዊውን ኤሲ ሲነድፍ የተጠየቀው ሰው እንዲያቀዘቅዝ አልነበረም፤ በአየሩ እርጥበት ወረቀቱ እየሰፋና እየጠበበ ቀለሙ መሥመር ስለሳተ እርጥበቱን እንዲያስወግድ ነበር። ኤሲ ዛሬም አየሩን ሲያቀዘቅዝ ውኃውን ያወጣል። ውኃው በትሪ ተጠራቅሞ በቀጭን ቧንቧ ይወርዳል። ያቺ ቧንቧ በአልጌና በአቧራ ስትደፈን ትሪው ሞልቶ ኮርኒሱ ላይ ይፈሳል። ከጋዙ ጋር አይገናኝም።

ለቀሪው ችግር ርካሽ ቴርሞሜትር የብዙ ባለሙያ ያህል ይናገራል። አየሩ ወደ ማሽኑ በሚመለስበት አፍና ቀዝቅዞ በሚወጣበት አፍ ላይ ሙቀቱ ይለካ። ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ ልዩነቱ ከ8 እስከ 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ልዩነቱ ደህና ሆኖ ቤቱ ግን ካልቀዘቀዘ ማሽኑ ሥራውን ሠርቷል፤ ቅዝቃዜው መንገድ ላይ እየጠፋ ነው። የአሜሪካው ኢነርጂ ስታር ፕሮግራም በተለመደ ቤት ውስጥ በቦዮቹ ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በቀዳዳና በላላ መጋጠሚያ እንደሚባክን ይናገራል። ጣሪያ ሥር የተላቀቀ ቦይ ካለ ባለቤቱ የሚያቀዘቅዘው አይጥ ነው። ልዩነቱ ከተለመደው በላይ ሆኖ ነፋሱ ደካማ ከሆነ አየሩ ታፍኗል፤ ማጣሪያውን አውጥቶ በብርሃን ማየት ነው። ልዩነቱ አነስ ካለ ብቻ ወደ ማሽኑ ይኬዳል፤ እዚያም ቢሆን ከጋዙ በፊት ውጭ ያለው ክፍል በአቧራ መታፈኑ ይታይ፣ በተለይ በሪያድ ጣሪያ ላይ ለተቀመጠ።

ሰውን የሚያሳስተው በረዶ ነው። ቀዝቃዛው ጥቅል ቧንቧ በረዶ ለብሶ ቤቱ ግን ይሞቃል። አየር ካልደረሰው ቧንቧው ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ከአየሩ የወጣው ውኃ ይጋገርበታል፣ በረዶው ደግሞ የቀረውን አየር ይዘጋል። ኮምፕሬሰሩን አጥፍቶ ነፋሹን ብቻ ለጥቂት ሰዓታት ማስኬድ ያቀልጠዋል፤ ማጣሪያው ተለውጦም በረዶው ከተመለሰ ያኔ ጋዝ መጠርጠር ተገቢ ነው። አንዱ መኝታ ክፍል ብቻ ከሞቀ ደግሞ በሩን ከፍቶ መሞከር ነው። ብዙ ቤት ውስጥ አየር የሚገባበት አፍ እንጂ የሚመለስበት የለም፤ በር ሲዘጋ የገባው መውጫ ያጣል፣ አዲስ አየርም አይገባም።

አዲስ አበባ ውስጥ ጂ ፕላስ ዋን እየሠራ «ቦይ ያለው ኤሲ ላስገባ?» ለሚል ሰው የእኔ መልስ አጭር ነው፦ አያስፈልግም። በጣም በሚሞቁት ወራት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቤቱን የሚያግለው ቆርቆሮው ነው። ያ ቦይ ከኮርኒስ በላይ በጋለ ቆርቆሮ ሥር ሲሄድ የያዘውን ቅዝቃዜ እዚያው ይጥለዋል። ያው ገንዘብ ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት መከላከያ ለማንጠፍና የጣሪያውን አየር ለማናፈስ ቢውል ቀን አይሞቅም፣ በኅዳር ሌሊትም አይበርድም። ሰመራ፣ ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ ላለ ሰው መልሱ ሌላ ነው።

ጋዝ በእውነት የሚጎድልበት ጊዜስ? አለ። በእኛ ቤት የታወቀው ምክንያት ቢላዋ ነው። ፍሪዘሩ ላይ የተጋገረውን በረዶ ለመፈንቀል ሲባል ቧንቧው ይበሳል፣ «ፉሽሽ» ይላል። ያኔ «ጋዙ አልቋል» የሚለው ፍርድ እውነት ሆኗል። ሌላው ቀዳዳ የብየዳ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ ጋዙ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ አካባቢው ወዝ ያለው ይሆናል፣ የሳሙና አረፋ ሲቀባም ይነፋፋል። ቀዳዳውን ሳያሳይ ጋዝ የሚሞላ ሰው የሚሞላው ለሚቀጥለው ክፍያ ነው። ያመለጠውም ዝም ብሎ አይጠፋም፦ አር 134 ኤ በመቶ ዓመት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ያህል ምድርን የማሞቅ ኃይል አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ አገሮች እነዚህን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የተስማሙት በዚህ ምክንያት ነው።

በምትኩ በአዳዲሶቹ ፍሪጆች የገባው አር 600 ኤ ለአየር ንብረቱ እጅግ የተሻለ ነው፤ ግን ከቡታጋዝ ወገን ስለሆነ ይቀጣጠላል። መጠኑ በብዙዎቹ ፍሪጆች ከ100 ግራም በታች ቢሆንም በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጋዙ ገና ቧንቧው ውስጥ እያለ፣ የብየዳ እሳት መለኮስ አደጋ ነው። የድሮው ጋዝ በአዲሱ ፍሪጅ፣ አዲሱም በድሮው ውስጥ አይሞላም። ጠጋኙ ዕቃውን ሲዘረጋ የፍሪጁን ጽሑፍ ያነብ እንደሆነ፣ ሚዛንም ይዞ እንደሆነ ይዩ፤ መስኮቱንም ይክፈቱለት።